አያ ምናገባኝ ዲግሪ ጫነ

ሰብሰብ በሉማ! ወንበር ያላችሁ ተቀመጡ፤ የሌላችሁ ግድግዳ ተደገፉ። ዛፍ አትፈልጉ፣ የሚደገፉት ዛፍ ድሮ ቀረ። አያ ምናገባኝ ሊናገር ነው።

አያ ምናገባኝን ታውቁታላችሁ። በየካምፓሱ ላውንጅ አንድ አይጠፋም። ማኪያቶውን አስቀምጦ፣ እግሩን አነባብሮ፣ የምርቃት ፎቶውን በስልኩ ለሰው እያሳየ ይቀመጣል። "የአካባቢ ጥበቃ በየትምህርት ክፍሉ ይሰጥ" የሚል ሲሰማ ሳቁ ይመጣል። "እኔ አካውንቲንግ ነኝ! ዛፍ ምናገባኝ? ዛፉን የደን ተማሪ ይቁጠር!"

ዳኞች፣ ልብ በሉልኝ። ገና ጨዋታው ሳይጀመር ወደቀ። ሂሳብ ተምሮ መቁጠሩን ለሌላ ሰጠ!

እሺ አያ፣ በራስህ ሜዳ እንጫወት። ነጋዴው ጫካ መነጠረ፤ ጣውላውን ሸጠ። መዝገብህ ምን አለ? "ገቢ።" ምንጩ ደረቀ። መዝገብህ? ዝም። አፈሩ ታጥቦ ወረደ። ዝም። ታች ያለው መንደር በጎርፍ ተጠረገ። አሁንም ዝም። የሸጠውን ጽፎ ያጠፋውን የማይጽፍ ልጅ በሰፈራችን ሱቅ አንድ ቀን አያድርም። አንተ ጋ ግን "ትርፋማ የበጀት ዓመት" ይባላል። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ልሶ ሲያበቃ ደረሰኝ የሚቆርጥ ግን አንተን አየሁ።

"ለሥራ አይጠቅምም!" አለ። ሰማችሁ? ይህን የሚለው በሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ላውንጅ ቁጭ ብሎ ነው።

ና ወደ ሥራ ልውሰድህ። ቡና እንላክ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ተመንጥሮ የለማ ቡና አላስገባም ይላል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ደጋግሞ ተገፍቷል፤ ጥያቄው ግን አልተገፋም። ይህ ቡና የበቀለው የት ማሳ ላይ ነው? ከነካርታው አምጣ! ይህን ፋይል ማን ያዘጋጃል? የደን ተማሪው እንዳትለኝ፣ እሱ ጫካ ነው። ላኪው ቢሮ የተቀመጠው አካውንታንቱ ነው፤ የገበያ ሠራተኛው ነው። አንተ ነህ አያ! ካርታ አንብብ ስትባል ሲኒ ልታነብ ነው? ሲኒውማ ይነግርሃል፦ "መንገድ ይታየኛል... ጭነት ይታየኛል... ጭነቱ ሲመለስም ይታየኛል።"

"ጂኦግራፊ እንደሆነ ፍሬሽ እያለሁ ወስጃለሁ" አለ። መውሰዱንስ ወስደሃል፤ የት አደረስከው? ማታ ጎርሰኸው ጠዋት ፈተና ወረቀት ላይ ተፋኸው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ከዝዋይ እስከ ጫሞ በአንድ ትንፋሽ ይጠራል። አብያታ እየሸሸ ነው ስትሉት "ወዴት?" ይላል። ፊዚካል ፊትነስም እኮ ወስዷል! ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ ግን ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል።

"ኮርስ በዝቶብናል" አለ። ቁርስ ሲበዛበት አይቼው አላውቅም! ለመሆኑ ቁርስህ ከየት የመጣ መሰለህ? ጤፉ ከአፈር ነው፣ ውሃው ከምንጭ ነው፣ ማር የቀባኸው እንደሆነ ከንብ ነው። ኮርሱን ንቆ ቁርሱን የሚወድ ሰው፣ ላሟን ጠልቶ ወተት ይጨመርልኝ እንደሚል ነው። ማኪያቶህን ተመልከት።

ደግሞስ ማን ጨምር አለህ? ክተት ነው የተባለው። ጨው ለብቻው በሳህን ቀርቦልህ ያውቃል? "ወጡ አልጫ ሆነብኝ" ስትል አስተናጋጁ ሁለት ክሬዲት ሰዓት ጨው በጎን ያመጣልሃል? ጨው ወጡ ውስጥ ይገባል፤ አይታይም፤ ሲጎድል ግን ምላስ ይከሳል። አካባቢም እንደዚያ ነው። ሂሳቡን በሂሳቡ፣ ሕጉን በሕጉ፣ ሕክምናውን በሕክምናው ውስጥ አጣፍጠው ነው። አንተ ግን አልጫውን አራት ዓመት ሙሉ በልተህ "ካፌው ጥሩ ነበር" ብለህ ተመረቅህ።

ይሄኔ ጓደኞቹ ተቆጡለት። ተነሱ አንድ በአንድ። ኑ! ሰልፍ ያዙ፣ ለሁላችሁም ይደርሳል።

መጀመሪያ ሲቪል ኢንጂነሩ ተነሳ። "እኔ ግድብ እገነባለሁ፤ ሣር ቅጠል አያገባኝም!" ና ቆቃ ድረስ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረ ግድብ ነው። ውሃውን ጠሩት፤ ውሃው ደለል አስከትሎ መጣ። ላይ ያለው ዳገት ሲራቆት አፈሩ ወርዶ ግድቡ ሆድ ውስጥ ተኛ። አንተ የግንቡን ውፍረት በሚሊ ሜትር ስታሰላ፣ ሆዱን የሚሞላው ያቺ የናቅሃት ሣር ያልያዘችው አፈር ናት። ወንድሜ፣ ሚስት ሳያገቡ መኖር ይቻላል። ሣር አያገባኝም ብሎ ግድብ ግን የለም!

ቀጥላ ሕግ ተማሪዋ። "አካባቢ የባዮሎጂ ጉዳይ ነው" አለች። እህቴ፣ አንቀጽ 39ን ተከራክረሽ ተከራክረሽ እዚያው መሸብሽ። እስቲ አምስት አንቀጽ ወረድ በዪ። 44 ላይ ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ተቀምጦ ይጠብቅሻል። ወደ 92 ዝለቂ፤ አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ በመንግሥትም በዜጋም ላይ ተጭኗል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ተፅዕኖ ይገምገም ብሏል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ደግሞ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል እንዳይመረት፣ እንዳይገባ ከለከለ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ይባስ ብሎ በፌስታሉ ላይ በሩን ዘጋ። ያንቺ መከራከሪያ ግን ከ0.03 ሚሊ ሜትርም ይሳሳል። ይዘሽው አትውጪ፣ ያስቀጣል!

ኮምፒውተር ሳይንሱ ከኋላ ጮኸ። "የኔ ዳታ ደመና ላይ ነው፤ መሬት አልነካም!" ደመናህ፣ ወንድምዬ፣ ጣሪያና በር ያለው መጋዘን ነው። መብራት ይበላል፤ ሲሞቀው ለማቀዝቀዣ ውሃ ይጠጣል። እኛ የምናውቀው ደመና ውሃ ይሰጣል። ውሃ የሚጠጣ ደመና ያየነው አንተ ጋ ነው። እዚያ ያስቀመጥከው 4 ሺህ ሰልፊም አንድ ቀን አይዘንብልንም። ተመስገን ነው!

የሥነ ጽሑፉ ልጅ ዝም ብሎ ሊያልፍ ፈለገ። የት ሰፈር ነህ? "ወይራ ሰፈር።" ወይራውስ? "ስም ብቻ ነው።" የት ትገበያያለህ? "ሾላ።" ሾላውስ? "ስም ብቻ ነው።" አያችሁ? ዛፉ ሲሞት ስሙን ለታክሲ ረዳት አወረሰ። "ሾላ፣ ሾላ፣ ሁለት ሰው የሞላ!" እያለ በየቀኑ ተዝካሩን የሚያወጣለት ረዳቱ ብቻ ነው። ሥነ ጽሑፍ የተማርከው አንተ፣ ሙሾውን የሚያወርደው ረዳቱ!

አሁን ሁላችሁንም በአንድ ጉድጓድ ልክተታችሁ። ጉድጓዱ ሐረማያ ሐይቅ ነው። ሀገሪቱ ግብርናን ካስተማረችባቸው ግቢዎች አንዱ አጠገቡ ነው። ሐይቁ ግን በ1990ዎቹ አጋማሽ ዊዝድሮው ሞላ! ግሬድ አንሶት አይደለም፣ ውሃ አንሶት ነው። ጫቱና አትክልቱ በፓምፕ ሳቡት፤ የሐረር ከተማ በቧንቧ ጠጣው፤ ከየኮረብታው የታጠበ ደለል ከሥር ሞላው። ሐይቁ ደረቀ፣ ቃሚው መረቀነ፣ ተማሪው ተመረቀ።

እስቲ ይህ የማን ኮርስ ነው? ፓምፑ የመሐንዲሱ ነው። የጫቱ ዋጋ የኢኮኖሚክሱ ነው። ደለሉ የአፈር ሳይንሱ ነው። "ውሃው የማን ነው?" የሕጉ ነው። የከተማው ቧንቧ የፕላኑ ነው። ምርቃናው የሳይኮሎጂው ነው። ሁሉም "የኔ ዲፓርትመንት አይደለም" ካለ ሐይቁ የማን ተማሪ ሆኖ ቀረ? ደግነቱ በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል። ሪአድሚሽን አገኘ! አሁን የምንፈራው አንድ ነገር ነው፤ የሚጠብቀው ያው የድሮው ሃንድአውት እንዳይሆን።

ጣናንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2011 እንቦጭ መግባቱ ታወቀ። ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያና ከከተማ የወረደ ፍሳሽ ቀለቡ ነው። ገበሬው ለበቆሎ በተነ፤ እንቦጭ ቦጨቀ። በቆሎው ሳይሆን አረሙ "ዲስቲንክሽን" አመጣ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስለን ነበር። ለካ የትምህርት ፕሮግራም ነው!

በዚህ መሃል ዲኑ አለፉ። "ደን የኛ ኮሌጅ ጉዳይ አይደለም" አሉ። ክቡር ዲን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፊደል እንቁጠር። "ዲን" ላይ ያቺ የእግር ቅጥል ብትነሳ ምን ይቀራል? "ደን!" ትንሽ ቢቀነስልዎ ደን ነበሩ እኮ። ያችኑ ትንሽ ኩራት ነው ያስቸገረችን።

አያ ምናገባኝ ትንፋሽ ሰበሰበ። "ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ፋሽን ነው!" አለ፣ የፈረንጅ ጂንሱን ከጉልበቱ እየሳበ።

ኮንሶን ፈረንጅ ነው እርከን የሠራለት? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የመዘገበው ገበሬው በድንጋይ ላይ ድንጋይ ደርድሮ ከጨረሰ ከስንት ትውልድ በኋላ ነው። ዲግሪ የለውም ትለኛለህ። ዳገቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ግን በእግሩ ያውቀዋል! ጌዴኦ ቡናውን፣ እንሰቱንና ዛፉን አንድ ላይ ሲያኖር "ኢንተርዲሲፕሊነሪ" የሚል ስላይድ አልሠራም። እሱም እ.ኤ.አ. በ2023 ተመዘገበ። በጎጃምና በጎንደር ደግሞ ባዶ ማሳ መሃል አረንጓዴ ክብ ከታየህ፣ መሃሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። የቆሎ ተማሪው እዚያ ዛፍ ሥር ቅኔ ይቆጥራል። ቆጠራ ከሱ ተማር! ዛፉን ሌላ ይቁጠርልኝ አላለም። በምርቃትህ ቀን "ሳይማር ላስተማረኝ ሕዝብ" ብለህ ጽፈሃል። ሳይማር ካስተማረህ፣ ምነው አንተ ተምረህ ሳትማር ቀረህ?

ፈረንጁንም ካነሳኸው አይቀር ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1977 ጆርጂያ፣ ትብሊሲ ላይ መንግሥታት ተሰብስበው የአካባቢ ትምህርት በየደረጃው፣ የትምህርት ዓይነቶችን አቋርጦ ይሰጥ አሉ። አንተ ገና አልተወለድህም፤ መከራከሪያህ ግን ያኔ ሞቷል። ባርሴሎናስ? ኳስ መሰለህ አይደል? እ.ኤ.አ. በ2022 የባርሴሎና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግቢያቸውን ይዘው አንነቃነቅም አሉ። ዩኒቨርሲቲው ከ2024 ጀምሮ የአየር ንብረት ቀውስ ትምህርት ለሁሉም ተማሪ ግዴታ እንዲሆን ተስማማ። እነሱ ኮርስ ጨምሩልን ብለው ወለል ላይ ተኙ። አንተም ትተኛለህ፤ ያንተ ግን ክፍል ውስጥ ነው።

"ዛፍ የደን ተማሪ ነው" ላልከው ደግሞ ዋንጋሪ ማታይ ትመልስልህ። ኬንያዊቷ ዶክትሬቷን የሠራችው በእንስሳት አናቶሚ ነው። "እኔ የእንስሳት ነኝ፣ ዛፍ ምናገባኝ" አላለችም። እ.ኤ.አ. በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን መሠረተች። በ2004 ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና የሰላም ኖቤልን ወሰደች። የእሷ ቀበቶ አፈር ያዘ። ያንተ ሱሪህንም አልያዘ!

"እኔ እንኳ ችግኝ ተክያለሁ!" አለ፣ በመጨረሻ። ፎቶውን አየነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ጎበዝ! መትከሉ ላይ አንታማም። ከመትከል በኋላ መከተል አለ። አንተ ፊደሎቹን አቀያይረህ ማንበብ ከበደህ። የተማሪ መውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ተጀመረ ብለህ ስታለቅስ ነበር። የችግኝ መውጫ ፈተና ግን ድሮም አለ፤ ስሙ በጋ ይባላል። ኮፒ የለ፣ ቅሬታ የለ። አንተ የዚያን ቀን ውሃህን ጠጥተህ ሃይላንዱን ጉድጓዱ አጠገብ ጥለህ ሄድክ። ውጤቱ ወጥቷል፤ ችግኙ ደረቀ፣ ሃይላንዱ ጸደቀ!

"ዲግሪ አለኝ እኮ!" አለ። ቆይ፣ ዲግሪ የሚያስፈራበት ዘመን ላይ መሆንህን ማን ይንገርህ? እ.ኤ.አ. በ2015 ፓሪስ ላይ መንግሥታት የተስማሙት የምድር ሙቀት ጭማሪ ከ2 ዲግሪ በእጅጉ በታች እንዲቆይ፣ ቢቻል 1.5 ላይ እንዲገታ ነው። በአጭሩ ምድር ሁለተኛ ዲግሪዋን እንዳትይዝ ዓለም ይለምናታል። አንተ ለሁለተኛህ ስፖንሰር ትፈልጋለህ። የእሷ ስፖንሰር አንተ ነህ!

በቃ ተውት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ግን ስሙማ፣ ከውጭ ድምፅ ይመጣል። "ቆራሌው! ቆራሌው!"

ይኸውላችሁ ፕሮፌሰሩ! ጆንያውን ተሸክሞ በየሰፈሩ እየዞረ ያስተምራል። ተማሪ አይጥልም፤ የተጣለውን ያነሳል እንጂ። ጠርሙስ ያውቃል፣ ብረት ያውቃል፣ ጀሪካን ያውቃል። የትኛው ዕቃ ዳግም ነፍስ እንደሚዘራ በጣቱ ዳሶ ይነግራችኋል። ሂሳቡንም በቃሉ ነው፤ በኪሎ ስንት፣ በፍሬ ስንት። ሳይንሱም፣ ንግዱም፣ አካባቢውም በአንድ ጆንያ! ክተት ያልነው ይኼንን ነው አያ። እስቲ ዲግሪህን አሳየው።

አሳየው። ቆራሌው ገልበጥ አደረገው። በጥፍሩ ጫር አደረገው። ጠረን እንዳለው ሁሉ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ከዚያ በአክብሮት መለሰለት።

"ጋሼ፣ ወረቀት ቢሆን በኪሎ እወስደው ነበር። ላሚኔት አስደርገውታል። ይኼ አይፈጭም፣ አይበሰብስም።"

አይዞህ አያ ምናገባኝ! ስለ ዘላቂነት ምንም ሳልይዝ ተመረቅሁ አትበል። ላስቲኩ አለልህ።